አዲስ አበባና ማገዶዋ

ስለ ደን መመናመን የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዐይናቸውን ወደ ተራራው አንሥተው የቆመውንና የተቈረጠውን ዛፍ መቍጠር ይቀናቸዋል። እኔ ግን የአንዲትን ከተማ ታሪክ ከተራራው ሳይሆን ከማድ ቤቱ፣ ወጥ ከሚሠራበትና እንጀራ ከሚጋገርበት ከምድጃው ብጀምረው፣ ነገሥታት ስለ ምን መናገሻቸውን ይቀያይሩ እንደ ነበር፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ በአገራችን መሬት ላይ እንዴት እንደ ሠለጠነ፣ ደንን ለመጠበቅ የወጡት ዐዋጆችም ስለ ምን ከወረቀት እንዳላለፉ ይበልጥ የሚገለጥ ይመስለኛል። ከተማይቱ አዲስ አበባ ናት፤ ነገሩም ማገዶ ነው።

ከጎንደር ዘመን አስቀድሞ የነበሩት የሸዋና የአምሐራ ነገሥታት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ከቦታ ወደ ቦታ በሚዛወር የድንኳን ከተማ ይኖሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐጼ ልብነ ድንግል ዘንድ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የንጉሡ ድንኳን በየት በኩል እንደሚተከል፣ ቤተ ክርስቲያኑና ገበያው በየት በኩል እንደሚሆኑ፣ መኳንንቱም በቀኝና በግራ በምን ሥርዐት እንደሚሰፍሩ ተመልክቶ ጽፎልናል። ሊቃውንት ለዚህ ዙረት ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ፤ ግብር መሰብሰብ፣ ያመፀውን መቅጣት፣ ጠረፉን መጠበቅ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ያህል ሠራዊት፣ ከሠራዊቱም ጋር የሚጓዘው የሴቱ፣ የሎሌውና የአገልጋዩ ብዛት ባንድ ሥፍራ ሲሰነብት፣ ባላገሩ ያጠራቀመው እህል እንደሚያልቅ ሁሉ በዙሪያው ያለው እንጨትም ያልቃል፤ እህል ከሩቅ በአጋሰስ ይጫናል፣ ማገዶን ግን ዕለት በዕለት ከሩቅ ማስመጣት ለማንም ንጉሥ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ሰፈሩ ይነሣል፤ ንጉሡ ከሄዱ በኋላም ቍጥቋጦው በጊዜው ይመለሳል። ዛሬ የአካባቢ ጥበቃ የምንለው ነገር በዚያን ዘመን ማንም ሳያስበው በጓዝ መነሣት ይፈጸም ነበር ማለት ነው፤ ሰፈሩ የሚነሣበት አገር ገበሬ ነገሩን በዚህ ስም ይጠራው ነበር ብዬ ግን አልናገርም።

ዐጼ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቈረቍሩ ይህ ልማድ ለጊዜው ቆመ፤ በሸዋ ግን ከተማ ማዛወሩ እስከ ምኒልክ ዘመን ዘለቀ። ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው ወደ ደቡብ ሲመጡ መጀመሪያ በወጨጫ፣ ቀጥሎም በእንጦጦ ጋራ ሰፈሩ። እንጦጦ ለጠላት የማያመች፣ አገሩን ሁሉ ቍልቍል የሚያሳይ ከፍታ ቢሆንም፣ ብርዱና ነፋሱ ብርቱ፣ ውሃውም ሩቅ ነበር። ሆኖም በአቅራቢያው ጥዱና ወይራው፣ ኮሶውም ስለ ነበረ የማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት ታነጹበት፤ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሥርዐተ ንግሥ ተፈጽሞላቸው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ።

ከዚያ አስቀድሞ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ሥፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰይመውት ነበር። መኳንንቱም እያንዳንዳቸው ከነሠራዊታቸው በየጕብታው ሰፈሩ፤ ዛሬ የራስ እገሌ ሰፈር፣ የደጃች እገሌ ሰፈር የምንላቸው መንደሮች የዚያን ጊዜ አሰፋፈር ርዝራዦች ናቸው። ከተማይቱ የተመሠረተችው እንግዲህ እንደ ቀድሞው የድንኳን ከተማ ሥርዐት ነበር፤ ከቀድሞው የምትለየው ሳትነሣ በመቅረቷ ብቻ ነው። በግቢ ግብር በተበላ ቍጥር በብዙ ሺሕ ለሚቈጠር ሰው እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ለጠጁ የጌሾ እንጨት፣ ለጠላው የሚታመሰው እህል፣ ለሁሉም እሳት ይፈለጋል። ጥቂት ዓመት ሳይቈይ የእንጦጦ ጥድ አለቀ፤ እንጨት ፍለጋ የሚወጣው አገልጋይ ማለዳ ወጥቶ ለምሳ የሚመለስ የነበረው ማታ፣ ከዚያም በማግስቱ የሚመለስ ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢው የእንጀራን ጠባይ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም የማገዶው ነገር ሁሉ የተቋጠረው በእርሱ ነውና። ወጥ ለመሥራት ትንሽ እሳት ይበቃል፤ እንጀራ ግን ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሸክላ ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልጋለ በስተቀር ዐይን አያወጣም። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል፤ ጋጋሪዋ በጎመን ዘር ታስሰዋለች፤ ሊጡን ከዳር ጀምራ እየዞረች ወደ መካከል ታፈሳለች፤ አክንባሎውን ትደፋለች፤ ጥቂት ቈይታ ከፍታ በሰፌድ ታወጣለች። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪፈስ ድረስ እሳቱ ሊበርድም ሊበረታም አይገባም፤ ስለዚህ አንድ እጇ ከሊጡ ሌላው እጇ ከማገዶው አይለይም። የጉልቻው ግራና ቀኝ ክፍት በመሆኑ ከሙቀቱ የሚበልጠው ክፍል ምጣዱን ሳይነካ በዚያ ይወጣል፤ ጢሱም ከሙቀቱ ጋር ወጥቶ ዐይኗንና ሳንባዋን ያገኛል። ለዚህ ሥራ ወፍራም ፍልጥ አይመችም፤ ነበልባሉ ተበትኖ ምጣዱን በሙሉ የሚልሰው ጭራሮና ደረቅ ቅጠል ይመረጣል። በአንድ ቤት ከሚነደው ማገዶ እኩሌታውን አልፎ የሚሄደውን የሚበላው ይህ ምጣድ እንደ ሆነ በኋላ ዘመን ጥናት ያደረጉ ሰዎች ደርሰውበታል።

ምኒልክ ችግሩን በአባቶቻቸው መንገድ ሊፈቱት ዐሰቡ፤ ከተማውን ማዛወር። ከሆለታ ዐለፍ ብሎ በስተ ምዕራብ፣ ደን የሞላበት አገር አግኝተው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ሥፍራውም አዲስ ዓለም ተባለ። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በኢጣልያ መሐንዲሶች ረዳትነት ተሠራ፤ በአገሩ ደንበኛ መንገድ ተብለው ከተሠሩት መጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ነገር ግን የዚህን ጊዜ ከተማ ማዛወር እንደ ቀድሞው ድንኳን መንቀል አልነበረም። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በተሰጣቸው ቦታ ቤት አንጸው ነበር፤ ነጋዴው ግቢና መጋዘን ሠርቶ ነበር፤ እቴጌም ፍልውሃቸውንና ያሠሯቸውን አብያተ ክርስቲያናት ትተው መሄድን አልወደዱም። በመጨረሻ አዲስ ዓለም ቤተ መንግሥትነቱ ቀርቶ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እስከ ዛሬም ታላቅ ደብር ነው። ታሪክ ጸሐፍት ከተማይቱ ያልተነሣችበትን ምክንያት ሲዘረዝሩ ከነዚህ ሁሉ ጋር፣ አንዳንዶቹም ከሁሉ በላይ አድርገው የሚያነሡት አንድ ዛፍ አለ።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ መጥቶ በአዲስ አበባ የተተከለው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ማን እንዳመጣው የሚነገረው ልዩ ልዩ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ለምኒልክ አማካሪ ለነበረው ፈረንሳዊ ለሞንዶን ቪዳይየ ይሰጡታል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅሙን በቶሎ አስተዋሉ፤ ችግኙ በርካሽ እንዲሸጥ አደረጉ፣ የተከለውንም ሰው ከግብር ነጻ አወጡ። የዛፉ ጠባይ ለዚህ ከተማ ተብሎ የተፈጠረ ይመስል ነበር፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ከብት ቅጠሉን ስለማይበላው አጥር አያስፈልገውም፤ ሲቈረጥም ከጉቶው ሦስትና አራት ሆኖ እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ እንጨቱም ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ለጭቃ ቤት ቋሚና ማገር ይሆናል። የአገራችን ጥድና ዝግባ ለልጅ ልጅ የሚተከል ነው፤ ባሕር ዛፍን ግን የተከለው ሰው ራሱ ይሸጠዋል። ሰው ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ በየግቢው ተከለ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛ ከተማይቱ ከቤት ይልቅ ጫካ የምትመስል ሆነች።

ወዲያውም ክሱ ተጀመረ። ባሕር ዛፍ ጕድጓድ ያደርቃል፣ ምንጭ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሣር አያበቅልም የሚለው አቤቱታ በርትቶ፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ከሦስት እጅ ሁለቱ ተነቅሎ በምትኩ እንጆሪ፣ ማለት ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ የሚሆነው ዛፍ፣ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። ይህ ትእዛዝ ሥራ ላይ አልዋለም። ሐር ለሚለብሱት ጥቂቶች የሐር ትል ማርባት መልካም ዐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እንጆሪ እንጀራ አይጋግርም፣ የከተማውም ሰው ያለ ባሕር ዛፍ በማግስቱ ምን እንደሚያነድ ትእዛዙ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ በደን ነገር የወጡትን ዐዋጆች ሳነብ፣ አብዛኞቹ ይህችን አንዲት ጕድለት ሲደግሟት አያለሁ፤ መጥረቢያውን ይከለክላሉ፣ ምድጃውን ግን አይጠይቁም።

ክሱ ራሱ ሐሰት ነበር ለማለት አይደለም። ባሕር ዛፍ ውሃ ወዳድ ነው፤ በምንጭ አፍና በእርሻ ዳር ሲተከል ጎረቤቱን እህል ይጐዳል፤ በዳገት ላይ ብቻውን ሲቆምም ከሥሩ ቍጥቋጦ ስለማይበቅል የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን በቀላሉ ጠርጎ ይወርዳል። ነገር ግን ዛፉ ባይመጣ ኖሮ ከተማው እስከ መናገሻ ያለውን ደን ባንድ ትውልድ በጨረሰው ነበር። የመናገሻን ደን ዐጼ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይተረካል፤ ምኒልክም በመጥረቢያ እንዳይነካ ጠብቀውታል፤ ዛሬም ታላላቅ ጥዶቹና ዝግባዎቹ ቆመው ይታያሉ። የቆሙትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እነርሱን ፈልጎ ይመጣ የነበረውን መጥረቢያ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ስላጠገበው ነው።

በከተማይቱ ዙሪያ ያለው የባሕር ዛፍ መሬት በጊዜው የመኳንንቱ፣ የባለጸጎቹና የአድባራቱ ሀብት ሆነ። የማይታረስ ዳገት ያለው ሰው ባሕር ዛፍ ተክሎ፣ በየጥቂት ዓመቱ ለነጋዴ ሸጦ፣ ምንም ሳይደክም ገንዘብ ይቀበል ነበር፤ በመርካቶ አጣና ተራ የሚባለውም ከዚህ ንግድ የወጣ ነው። አድባራቱን ስናነሣ አንድ ነገር ሳላወሳ አላልፍም። በሰሜን አገር ከላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው፣ በታረሰው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆነው የቀሩት ጥቍር ደኖች የቤተ ክርስቲያን ዐጸዶች እንደ ሆኑ ወዲያው ያውቃል፤ ወይራውና ጥዱ፣ በሌላ ሥፍራ የጠፋው ዕፅ ሁሉ፣ በቅዱሱ ታቦት ጥላ ሥር ተጠልሎ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ይህ ለአበው ትልቅ ምስጋና የሚያሰጣቸው ነው። ነገር ግን እነዚያው አድባራት ከቅጥሩ ውጭ ባለው መሬታቸው ባሕር ዛፍ ተክለው ለአጣና ነጋዴ ሲሸጡ ኖረዋል፤ አሁንም ይሸጣሉ። ቅጥሩ ለነፍስ፣ ከቅጥሩ ውጭ ያለው ለካህናቱ ቀለብ ነበር፤ በዚህም የሚነቅፋቸው ሰው መጀመሪያ ቀለቡን ይስፈርላቸው።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የመንግሥትን፣ የግልንና ለአፈርና ለውሃ ጥበቃ የሚከለሉትን ደኖች የሚመለከቱ ሦስት ዐዋጆችን አወጣ። ሕጎቹ በጥሩ ቋንቋ የተጻፉ ነበሩ፤ የደን ዘበኛው ግን ጥቂት፣ ባለመሬቱም የዘበኛው አለቃ ወዳጅ ነበር። በዚያው ዘመን ከአቃቂ ወንዝ ከአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ኋላም በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው ከቆቃ ግድብ የመጣው የኤሌክትሪክ ኀይል የባለጸጎቹን ሳሎን ሲያበራ፣ ከሳሎኑ ኋላ ባለው ማድ ቤት ግን ባሕር ዛፍ ይነድ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ መጥቶ እንኳ ብዙ ጊዜ የጥቂት ቤቶች ዕቃ ሆኖ ቀረ፤ 3 ኪሎ ዋት የሚያልፍ ኀይል የሚስበውን ምጣድ የብዙው ቤት ገመድና ቈጣሪ ሊሸከመው አይችልም ነበርና።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት በየካቲት፣ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ ሲወርስ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍ ከመኳንንቱ እጅ ወደ መንግሥት እጅ ተዛወረ። ባለቤቱ ቢለወጥም ዛፉም ምድጃውም ያው ነበር። የተለወጠው ከዛፉ ጋር የሚገናኘው ሰው ነው። የሥራ ማጣትና ድህነት ያስጨነቃቸው፣ አብዛኞቹም ከገጠር ፈልሰው የመጡ ሴቶች የእንጦጦን ጫካ የኑሮ መሠረታቸው አደረጉት። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥተው ዳገቱን ይወጣሉ፤ የወደቀውን ቅጠል በእጃቸው ይጠርጋሉ፣ ጭራሮውን ይለቅማሉ፣ በገመድ ጠፍረው ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም ያበጃሉ። ሸክሙ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ከተሸካሚዋ ክብደት ብዙም የማያንስበት ጊዜ አለ። በጀርባቸው አድርገው፣ ገመዱን በደረታቸው ላይ ይዘው፣ ወገባቸውን አጕብጠው፣ ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ከጋራው ግርጌ ወዳለው ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ፤ መንገዱ ቍልቍል ስለ ሆነ ከመውጣቱ መውረዱ ይከፋል። ዘበኛ ያገኛት ሴት ሸክሟን ትነጠቃለች፣ ገመዷን ትቀማለች፣ ከዚህም የከፋ ይደርስባታል፤ ያላገኛትም ጥቂት ሳንቲም ይዛ፣ ከሸክሟም ለራሷ ምድጃ የሚሆን ጥቂት ቀንሳ ወደ ቤቷ ትገባለች።

የሚያሳዝነው፣ ስለ ደን ጥፋት በተነገረ ቍጥር በጋዜጣም በቴሌቪዥን መስኮትም የምትታየው ይህች ሴት መሆኗ ነው። ፎቶግራፏ ከተወሰደ ወዲህ ክሱ ለእርሷ ተሰጠ። እርሷ ግን የምትሸከመው የወደቀውን ቅጠልና ቅርንጫፍ ነው፤ ቋሚው ዛፍ በመጥረቢያ ተቈርጦ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ለሕንፃ መሥሪያ አጣና ሆኖ ሲሄድ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ያለ አይመስልም። ከስምጥ ሸለቆ ግራር የሚከሰለው ከሰል በጆንያ ተሞልቶ በአውራ ጎዳናው ዳር ተደርድሮ ሲቆምም፣ ገዥው ከመኪናው ሳይወርድ ዋጋ ይከራከራል እንጂ ስለ ግራሩ አይጠይቅም።

መስኮቱን ካነሣን ዘንድ ስለ አንድ ቍጥር እንነጋገር። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት ከመሬቷ 40 ከመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ አሁን የቀረው ጥቂት ከመቶ ነው የሚለው ቃል በትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ በሬዲዮ፣ በመንግሥት ሰነድ፣ በዓለም አቀፍ ማኅበራት ዘገባ ሲነገር የኖረ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ረኀብተኞች ምስል በብሪታንያ ቴሌቪዥን ዓለምን ከዞረ በኋላ ይህ ቍጥር ከምስሉ ጋር ተጣምሮ ሄደ፤ የተራቈተው ተራራና የተራበው ሕዝብ የአንድ ነገር ሁለት ገጽ ሆነው ቀረቡ። አሜሪካዊው ፖለቲከኛ አል ጎር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ መቶውን ዓመት ወደ አርባ ዓመት አሳጠረው። የታሪክ ሊቁ ጄምስ መካን ነገሩን በመረመረ ጊዜ ግን ያ 40 ከመቶ ማንም ለክቶ ያገኘው እንዳልሆነ አሳየ፤ ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው ሰነድ እየተገለበጠ በድግግሞሽ ብዛት እውነት ለመሆን የበቃ ነው። የጥንት መንገደኞችን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የሰሜን ደጋው ብዙ ክፍል ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በፊትም የታረሰና ዛፍ የሌለው እንደ ነበር ያገኛል። በደቡብና በምዕራብ ግን ደኑ በእውነት በእኛው ዘመን ጠፍቷል፤ ቍጥሩ ሐሰት ስለ ሆነ ጥፋቱም ሐሰት ነው የሚል ቢኖር እርሱም ከመጀመሪያዎቹ የማይሻል ተሳሳች ነው። ደግሞም በ2007 ዓ.ም. ደን ማለት ምን እንደ ሆነ እንደ ገና ተበይኖ፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ጀምሮ ያለ ዛፍም ጭምር ሲቈጠር፣ የአገሪቱ ደን በአንድ ጊዜ ወደ 15 ከመቶ ከፍ አለ፤ ለዚህ አንድ ችግኝ እንኳ መትከል አላስፈለገም።

ሆኖም ያ ቍጥር እውነትም ባይሆን ትልቅ ሥራ አሠርቷል። በደርግ ዘመን በዕርዳታ የመጣው ስንዴና ዘይት ለሥራ ደመወዝ እየተሰጠ፣ የገበሬ ማኅበራት በወሎና በትግራይ፣ በሸዋና በሐረርጌ እርከን ሠሩ፣ ዛፍ ተከሉ፤ ተራራው ከከብትና ከሰው ተከለለ። ገበሬው ግን የዛፉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ አልተነገረውም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅና ዘበኛ ሲጠፋ፣ በብዙ ሥፍራ ገበሬው መጥረቢያውን ይዞ ወጥቶ ያን የራሱን እጅ ሥራ ቈረጠው። ይህን ሰምተው የገበሬውን አላዋቂነት የነቀፉ ሰዎች ነበሩ፤ የእኔ ፍርድ ግን ከነርሱ ይለያል። ያልተሰጠውን ነገር ሌላ ሳይቀድመው ወሰደ እንጂ የራሱን አላጠፋም። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነው፣ በዚያው ዐሥር ዓመት ገበሬው ድርሻው በሆነው መሬት፣ ማንም ሳያዘው፣ ስንዴም ሳይሰፈርለት፣ በጓሮውና በእርሻው ዳር ባሕር ዛፍ በብዛት መትከሉ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ተከለ፣ በ1989 ዓ.ም. የትግራይ ክልል መንግሥት በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል እስከ መከልከል ደረሰ።

በዚህ ሁሉ መካከል ወደ ምድጃው የተመለከቱ ጥቂት ሰዎች ግን ነበሩ። በ1980ዎቹ ላቀች የተባለው የከሰል ማንደጃና ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ተሠርተው ወደ ገበያ ወጡ። ላቀች ቆርቆሮው በሸክላ የተለበጠ ነው፤ ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይበላል። ምርጥ ደግሞ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ በየክፍሉ ተሠርቶ የሚገጣጠም ሲሆን፣ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ዘግቶ ስለሚይዘው ማገዶውን ወደ እኩሌታ ያወርደዋል። የጉልቻው ግራና ቀኝ ክፍት የሆነውን መዝጋት፣ ይህን ያህል ቀላል ነገር፣ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ መቶ ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ የነበረ ነበር። ስለ ላቀችና ስለ ምርጥ ሐውልት አልቆመም፤ በሥነ ሥርዐት የሚመረቅ ነገር አይደሉምና። ችግኝ ሲተከል ግን ሚኒስትርም ካሜራም ይገኛል፤ በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ባንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በመንግሥት ሲነገር ዜናው በዓለም ሁሉ ተሰማ። መትከሉ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ስለ ችግኙ ከተነገረው ዐሥረኛው ያህል ስለ ምጣድ ቢነገር ኖሮ፣ ዜናውን በምትሰማው ሴት ቤት በዚያው ሳምንት አንድ ነገር በተለወጠ ነበር።

የአዲስ አበባ ምድጃ ዛሬ ሌላ መልክ ይዟል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጢስ መውጫ የላቸውም፤ በአራተኛ ፎቅ ላይ በቅጠል መጋገር አይቻልም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ በብዙ ቤት ገባ፤ ቡና ግን አሁንም በከሰል ይፈላል፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን የሚሆን ከሰልም በረንዳው ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥሮ ይቀመጣል። እንጦጦም በ2013 ዓ.ም. የመናፈሻ ሥፍራ ሆኖ ተመርቋል፤ በአንዳንድ ክፍሉም ባሕር ዛፉን እያነሡ ጥዱን፣ ኮሶውንና ወይራውን የመመለስ ሥራ ከዚያ አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ከቀድሞዎቹ ተሸካሚዎች ጥቂቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ጥጥ እየፈተሉ ነጠላና ፎጣ ሸምነው ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹ ግን ማኅበሩ አልደረሳቸውም።

ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ግን እንጀራን ከሱቅ የመግዛት ልማድ ነው። በፎቅ የሚኖረው ሰው ማታ ከሥራ ሲገባ ከመንደሩ ሱቅ ዐሥር እንጀራ በፌስታል አስይዞ ይወጣል፤ ማድ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ጢስ የለበትም፣ እርሱም ከማገዶ ጋር የተለያየ ይመስለዋል። እንጀራው የተጋገረው ግን በከተማው ዳር ባሉ የጋጋሪዎች ግቢ ነው። በዚያ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ምጣድ ተደርድሮ፣ መብራት ባለበት ሰዓት በኤሌክትሪክ፣ በሌለበት በሰጋቱራና በፍልጥ ይጋገራል፤ ሰጋቱራው ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች በጆንያ፣ ፍልጡም ከሱሉልታና ከሆለታ በኩል በአይሱዙ ይመጣል። መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ጋጋሪዋ የፍልጡን ወጪ ታሰላና በሦስተኛው ቀን በእንጀራው ላይ ዋጋ ትጨምራለች፤ ባለሱቁም የእርሱን ይጨምርበታል።